ማክስ ቫይንራይሽና ወጣት ተመራማሪዎቻቸው

ማክስ ቫይንራይሽ በ1894 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ በላትቪያ በምትገኘው በጎልዲንገን ከተማ ተወለዱ። የቤታቸው ቋንቋ ጀርመንኛ ነበር። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች የሚግባቡበትን ይዲሽን በኋላ ተማሩት። ያን ጊዜ ብዙ የተማሩ ሰዎች፣ አይሁዶች ጭምር፣ ይዲሽን የተበላሸ ጀርመንኛ ነው እያሉ ይንቁት ነበር። ቫይንራይሽ ግን ይህንኑ የተናቀ ቋንቋ የጥናታቸው ርእስ አድርገው ወደ ጀርመን አገር ሄዱ፤ በ1923 በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። ጽሑፉ ታትሞ ለአንባቢ የበቃው ከ70 ዓመት በኋላ ነው። የመመረቂያ ጽሑፎች አቧራ ሲለብሱ ማየት ለለመድነው ለእኛ ለመምህራን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በ1925 ከባልደረቦቻቸው ጋር ዪቮ የተባለውን የይዲሽ ምርምር ተቋም መሠረቱ፤ መቀመጫውም በፖላንድ ሥር በነበረችው በቪልና ሆነ። ተቋሙ ገንዘብ አልነበረውም፤ የነበረው ሰው ነው። በየከተማውና በየመንደሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ተረቱን፣ ዘፈኑን፣ የአካባቢያቸውን አነጋገር እየጻፉ ይልኩ ነበር። በ1931 በቪልና በተነሣው ፀረ አይሁድ ሁከት ቫይንራይሽ አንድ ዓይናቸውን አጡ፤ ሥራውን ግን አላቋረጡም። በ1932፣ በ1934 እና በ1939 ወጣቶች የሕይወት ታሪካቸውን ሳያሳምሩና ሳይሸሽጉ ጽፈው እንዲወዳደሩ ተጋበዙ፤ ከ600 በላይ ጽሑፎች ተሰበሰቡ። በ1935 ደግሞ ወጣቶች በሊቃውንት ተቆጣጣሪነት የራሳቸውን ጥናት የሚያካሂዱበት የሥልጠና መርሐ ግብር ተከፈተ። በእኔ ግምት ከታተሙት መጻሕፍታቸው ይልቅ መምህርነታቸውን የሚመሰክረው ይህ ነው፤ ወጣቱን የዕውቀት ተቀባይ ብቻ ሳይሆን የዕውቀት ምንጭ አድርገው ቆጥረውታልና።

በ1939 ክረምት ከልጃቸው ከኡሪኤል ጋር ወደ ብራስልስ የቋንቋ ሊቃውንት ጉባኤ ሲጓዙ ዴንማርክ ሳሉ ጦርነቱ ተነሣ። በ1940 ኒው ዮርክ ገቡ። በቪልና ካሰለጠኗቸው ወጣቶች ብዙዎቹ በናዚዎች እጅ ተገደሉ፤ ከተዘረፈው የዪቮ ቤተ መዛግብት ግን ከፊሉ ከጦርነቱ በኋላ ኒው ዮርክ ደረሰ፤ ከሕይወት ታሪኮቹም ብዙዎቹ ከእርሱ ጋር ተረፉ። የጻፏቸው እጆች ጠፍተው ወረቀቶቹ ተመለሱ።

በ1946 ቫይንራይሽ የጀርመን ምሁራን በዕውቀታቸው የሂትለርን ወንጀል እንዴት እንዳገለገሉ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ። የምርምርን ሥርዓት ጀርመን አገር የተማሩ ሰው በዚያው ሥርዓት፣ ሰነድ በሰነድ እያስደገፉ፣ የዚያን አገር ሊቃውንት ከሰሱ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮም በኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ይዲሽ አስተማሩ።

ልጃቸው ኡሪኤልም ስመ ጥር የቋንቋ ሊቅ ሆኖ ሳለ በ1967፣ በ40 ዓመቱ፣ ከአባቱ ቀድሞ ሞተ። አባትየው በ1969 ዓ.ም. አረፉ። የዕድሜ ልክ ሥራቸው የሆነው የይዲሽ ቋንቋ ታሪክ፣ ጀርመንኛ፣ ዕብራይስጥ፣ አራማይስጥና የስላቭ ቋንቋዎች እንዴት ተዋሕደው ራሱን የቻለ ቋንቋ እንደ ሆኑ የሚተርከው መጽሐፍ፣ በ1973 በይዲሽ በአራት ቅጽ ታተመ፤ ከአራቱ ሁለቱ የማስታወሻ ቅጾች ናቸው።