የደናግል እናት ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ቁልቁለት የሚወርድ መንገደኛ በዛሪማና በአዲ አርቃይ አልፎ ወደ ጸለምት ይዘልቃል። ታላቁ የዋልድባ ገዳምም በዚያው ቆላ ይገኛል። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ስም ሲነሣ ምእመናን የሚያስቡት የጣናን ደሴቶች ነው፤ ይሁን እንጂ ታዛ የተማረችውም፣ በአደባባይ ያስተማረችውም በዚህ በስሜን ግርጌ ነበር።

እናታችን በ1584 ዓ.ም. ገደማ ከአባቷ ከባሕር ሰገድና ከእናቷ ከክርስቶስ ዕበያ ተወለደች። ለዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ለመልክዐ ክርስቶስ ተድራ ሦስት ልጆች ብትወልድም ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲያዘነብል አቡነ ስምዖን ተቃወሙት፤ በ1609 ዓ.ም.ም ተገደሉ። የጳጳሱ ልብስ በባሏ እጅ መግባቱን ባወቀች ጊዜ ከቤቱ ወጣች፤ መነኰሰችም። የዕድሜ ልክ ባልንጀራዋ የሆነችው እኅተ ክርስቶስም ትዳሯን ትታ የመነነች ሴት ነበረች።

ሰባክያን ብዙ ጊዜ ዘለው የሚያልፉት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ወለተ ጴጥሮስ ዋልድባ በገባች ጊዜ አንዲት ቁጡ አሮጊትን ታገለግል ነበር። በቤተ መንግሥት ወግ ያደገች ወይዘሮ የአሮጊቷን ስድብ በዝምታ እየተቀበለች ታዘዘቻት። ለእኔ ይህ ከንጉሥ ፊት ከመቆም አያንስም። ንጉሥን መቃወም የአንድ ቀን ድፍረት ሊሆን ይችላል፤ የማታመሰግን አሮጊትን ማገልገል ግን በየማለዳው እንደ አዲስ ይጀመራል። ዛሬ በየአጥቢያችን መገበሪያ የሚለቅሙ እማሆዮችና በሰንበት ትምህርት ቤት የሚዘምሩ እኅቶች በአንድ ቅጽር እያገለገሉ ስም ለስም እንኳ የማይተዋወቁበት ጊዜ አለ።

ከዋልድባ ወደ ጸለምት ተሻግራ ሕዝቡ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲጸና ማስተማር ጀመረች። ወሬው ንጉሡ ዘንድ ደረሰና ተይዛ ቀረበች። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ እንዲያሳምናት ቢታዘዝም አልተሳካለትም። በመጨረሻም ወደ ዠበይ ተጋዘች፤ በዚያም ሦስት ዓመት ቆየች። ለቅጣት የተመረጠው በረሃ ግን የመጀመሪያው ማኅበሯ የተመሠረተበት ስፍራ ሆነ፤ ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱ ሰዎች እየፈለጉ መጥተው ከእርሷ ጋር ኖሩ። በዕድሜዋ ፍጻሜ እንዲህ ያሉት ማኅበራት ሰባት ደርሰው ነበር።

እነዚህ ማኅበራት ስደተኛ ከመሸሸግ ያለፈ ሥራ ነበራቸው። ንብረቱ የጋራ፣ ማዕዱም የጋራ ነበረ። ወለተ ጴጥሮስ እመ ምኔት ሳለች ትፈጭ፣ ውኃ ትቀዳ፣ እንጨት ትሸከም ነበር። ለማኅበሩ የገቡ ወጣት ሴቶች ከቃሏ በፊት የሚያዩት እጇን ነው። ከእነርሱ አንዷ ኢላርያ ናት። ወጥ እየሠራች ሳለ ፀሐይ ልትጠልቅ ብትል በጸሎቷ እንዳቆመቻት በገድሉ ተጽፏል። ተአምሩ የተደረገው በምድጃ ዳር፣ ለእኅቶች ማዕድ በማዘጋጀት ላይ ሳለች መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት መለሱ። ስደቱም አበቃ፤ ወለተ ጴጥሮስ ግን ወደ መኳንንት ኑሮ አልተመለሰችም፤ ከሴቶች ልጆቿ ጋር ቀረች። ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመቷ ዐረፈች፤ በሬማ ደሴትም ተቀበረች። ከማረፏ አስቀድማ ማኅበሩን ለእኅተ ክርስቶስ አደራ ሰጥታ ነበር። እኅተ ክርስቶስም እስክታርፍ ድረስ አደራውን ጠበቀች፤ ማኅበሩም በኋላ በጣና ዳር በቋራጣ ጸና።

ገላውዴዎስ የተባለ መነኰስ ገድሏን የጻፈው ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ በ1665 ዓ.ም. ነው። ብራና እስኪዘጋጅ ድረስ ታሪኩን በቃል የጠበቁት አብረዋት የፈጩ፣ አብረዋት ውኃ የቀዱ እናቶች ነበሩ።

ጸሎቷና በረከቷ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።