እንዶድና የምርምር ገንዘብ፦ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወት

ሳሙና እንዳሁኑ ባልተስፋፋበት ዘመን እንዶድ በመርካቶም ሆነ በየገጠሩ ገበያ የሚሸጥ የልብስ ማጠቢያ ነበር። የእንዶድን ስም ከገበያ አውጥቶ ወደ ዓለም ሳይንስ መድረክ ያደረሰው ምርምር የተነሣው ግን ከዓድዋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱት ዶክተር አክሊሉ ለማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት የበቁ የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ ነበሩ። በ1964 በዓድዋ ቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱት በዝተው አገኙ። ከአንዲት አጣቢ አረፋውን ለምነው ሕያዋኑ ባሉበት ዕቃ አስጨመሩ፤ ሁሉም ሞቱ። ይህን ለማየት ገንዘብ አላስፈለገም። ለዓለም ለማስረዳት ግን ሩብ ምዕተ ዓመት የፈጀ ድጎማ ፍለጋ አስፈለገ።

ሥራው ለአንድ ሙያ ብቻ የሚተው አልነበረምና ዶክተር አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድን ዝርያዎች እያወዳደሩ ኃይለኛውን መረጡ። በአሜሪካ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ ገዳዩ ንጥረ ነገር ተለይቶ በዶክተሩ ስም ለማቶክሲን ተባለ። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት በዓድዋ በተካሄደው ሙከራ ከነዋሪው መቶ እጅ 63 ያህሉን ይዞ የነበረው በሽታ ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ አለ።

ይህም አልበቃም። ዓለም አቀፍ የጤና ባለሥልጣኖችና ገንዘብ ሰጪዎች በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘውን የደኅንነት ማስረጃ በቂ ነው ብለው አልተቀበሉም፤ ፍተሻው የውድ ቤተ ሙከራዎችን ደረጃ አሟልቶ እንዲደገም ጠየቁ። እናቶች በእጃቸው ሲያሹት የኖሩት ተክል ነው፤ ጥንቃቄው ተገቢ ቢሆንም ዋጋው ለድሃ አገር የሚቀመስ አልነበረም። በመጨረሻ የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ወጪውን ደግፎ፣ የካናዳና የሆላንድ ሊቃውንት የተካፈሉበት የደኅንነት ጥናት በ1991 ታተመ።

ከዚያ በፊት፣ በ1989፣ ሁለቱ ኢትዮጵያውያን የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት በጋራ ተቀብለው ነበር። ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥም ካገለገሉ በኋላ በ1997 ዐረፉ። ከመርካቶ ብዙም በማይርቀው ሰፈረ ሰላም የሚገኘው ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።