ኮንስታንስ ጋርኔት፤ የረጃጅም መጻሕፍት ተርጓሚ

በዚህ የትምህርት ዓመት መጀመሪያ እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች እያንዳንዳችን በዓመቱ ውስጥ 24 መጻሕፍት ለማንበብ ተስማምተን፣ ያነበብነውን የምንመዘግብበት አንድ ደብተር በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ አኖርን። ለጊዜው ሁላችንም ተጋን። ነገር ግን ወራቱ እየገፉ ሲሄዱ ቁጥሩን ለመሙላት ስንል ቀጫጭኑን መጽሐፍ ብቻ እየመረጥን፣ ወፍራሞቹን አቧራ ሲለብሱ ተውናቸው። የቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» በሁለት ልዩ ልዩ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ በደብተሩ ላይ ግን አንድም ሰው አላስመዘገበውም ነበር። ይህን ባየን ጊዜ አፈርን። ከሁለቱ የትኛውን እናንብብ እያልን ስንከራከር በአንደኛው የፊት ገጽ ላይ የአንዲት ሴት ስም አገኘን። የእኒህን ሴት ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብ የወደድነው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮንስታንስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1861 ብራይተን በምትባለው የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ተወለዱ። ከስምንት ልጆች ስድስተኛዋ ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው በሽታ ያጠቃቸው ነበር። እናታቸውም በ1875 ሞቱባቸው። ይህ ሁሉ ግን ከትምህርት አላገዳቸውም። በ1879 በ17 ዓመት ዕድሜያቸው የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው በኬምብሪጅ ወደሚገኘው የኒውነም ኮሌጅ ገቡ። በዚያም ላቲንና ግሪክ ተምረው ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት አለፉ። ይሁን እንጂ ኬምብሪጅ ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ስለ ሆነ፣ ያለ ዲግሪ ወጡ፤ በሕይወታቸውም ሳያዩት ቀሩ።

ከዚህ በኋላ በሰው ቤት ልጆች እያስተማሩ ኖሩ፤ ቀጥሎም የምሥራቅ ለንደን ሠራተኞች በሚማሩበትና በሚዝናኑበት ቤት የመጻሕፍት ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በ1889 ኤድዋርድ ጋርኔትን አገቡ። ባለቤታቸው ለአሳታሚዎች ረቂቅ እያነበበ የሚመክር ሰው ስለ ነበረ ቤታቸው ከደራስያን አይለይም ነበር።

በ1891 ፌሊክስ ቮልኮቭስኪ የሚባል ከሳይቤርያ ያመለጠ ሩስያዊ ስደተኛ ወደ ቤታቸው መጣ። ወይዘሮ ኮንስታንስ በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ሆነው በቤት ይውሉ ነበርና፣ ሩስያኛ ቢማሩ መልካም እንደ ሆነ መክሮ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሰጣቸው። ልጃቸው ዴቪድ በ1892 ተወለደ፤ እርሳቸውም የጀመሩትን አዲስ ቋንቋ ሕፃን እያሳደጉ ገፉበት። ሌላው ስደተኛ ስቴፕኒያክም መተርጎሙን እንዲቀጥሉ አደፋፈራቸው። በ1894 የጎንቻሮቭን ልብ ወለድ ተርጉመው አሳተሙ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ ልጃቸው ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በክረምቱ ብርድ ወደ ሩስያ ተጉዘው ቶልስቶይን ራሱን አዩት።

ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ዕረፍት አልነበረውም። የቱርጌኔቭን ድርሰቶች ተራ በተራ አወጡ። በ1901 «አና ካሬኒና»ን፣ በ1904 «ጦርነትና ሰላም»ን ፈጸሙ። የዚህ የመጨረሻው ዋጋ ከባድ ነበር፤ ዓይናቸው እጅግ ተጎዳ። ሌላ ሰው ቢሆን ብዕሩን ባስቀመጠ ነበር። እርሳቸው ግን ሩስያኛውን ሌላ ሰው ጮኾ እንዲያነብላቸው እያደረጉ፣ እንግሊዝኛውን በቃል እያስጻፉ ቀጠሉ። ከ1912 እስከ 1920 የዶስቶየቭስኪን ልብ ወለዶች በ12 ጥራዝ፣ ከ1916 እስከ 1922 የቼኾቭን ታሪኮች በ13 ጥራዝ አወጡ። የጎጎልንና የኸርዘንንም ጨምረው በጠቅላላው 70 ያህል ጥራዞች ተርጉመው፣ በ1946 በ84 ዓመታቸው ዐረፉ።

ስለ ትርጉማቸው የሚሰጠው ፍርድ አንድ ዓይነት አይደለም። አሜሪካዊው ሄሚንግዌይ የሩስያን ደራስያን ያወቀው በእርሳቸው በኩል ነው። ናቦኮቭና ቹኮቭስኪ ግን ክፉኛ ነቅፈዋቸዋል፤ ፈጥነው ይሠሩ ስለ ነበር አንዳንድ አስቸጋሪ ቦታ ይዘልሉ እንደ ነበረ፣ የዶስቶየቭስኪ ሻካራ አነጋገርም በእጃቸው ለስልሶ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት እንደ ሆነ ተነግሯል። በመደርደሪያችን ላይ የነበረው ሁለተኛው ትርጉም የሉዊዝና የኤልመር ሞድ ነው። እነዚህ ባልና ሚስት ብዙ ዘመን በሩስያ የኖሩና ከቶልስቶይ ጋር የተዋወቁ ስለ ነበሩ፣ በ1922 እና በ1923 ያወጡት ሥራ ለብዙዎች የበለጠ የታመነ ነው።

እኛም ከሁለቱም የመጀመሪያዎቹን አምስት ምዕራፎች ጎን ለጎን አንብበን ተከፋፈልን፤ አምስታችን የጋርኔትን፣ አራታችን የሞዶችን ይዘን ጀመርን። ያልገባን ቦታ በተገኘ ቁጥር አንዱ ወገን የሌላውን መጽሐፍ እየተዋሰ ያስተያይ ነበር። የሰዎቹ ስም መብዛት መጀመሪያ አስቸግሮን ነበር፤ ነገር ግን ሩስያውያንም እንደ እኛ አንድን ሰው በስሙና በአባቱ ስም እንደሚጠሩት ከተረዳን በኋላ ቀለለልን። መጽሐፉ 361 ምዕራፎች ስላሉት፣ ከጥር አጋማሽ አንሥቶ በቀን ሦስት ሦስት እያነበብን በግንቦት ለመጨረስ አሰብን። ከዘጠኛችን አራታችን ፈጸምን። ለቀሩት አምስቱ ናፖሊዮን እስከ ዛሬ ሞስኮ አልገባም።

በዚህም ምክንያት 24 መጻሕፍት የሞላ ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። ያ ሁሉ የአራት ወር ድካም በደብተሩ ላይ አንድ መስመር ብቻ ሆኖ ይታያል። ቢሆንም፣ ከመስከረም እስከ ጥር ካስመዘገብናቸው ቀጫጭን መጻሕፍት የአብዛኛዎቹን ታሪክ ዛሬ ብንጠየቅ መመለስ አንችልም፤ የቦሮዲኖን ጦርነትና የልዑል አንድሬይን አሟሟት ግን ልንረሳቸው አንችልም። ዓይኗ እየደከመ አንዲት ሴት የተረጎመችውን፣ ዓይናችን ደኅና ሆኖ ሳለ ማንበብ ሰነፍን ማለት ለእኛ ነውር መስሎ ታየን።

እንግዲህ እኛ በቅርቡ ከዚህ ትምህርት ቤት እንሰናበታለን፤ ደብተሩን ግን ለተከታዮቻችን በጠረጴዛው ላይ ትተነዋል። አንድ ምክር ብቻ እንጨምራለን። በእንቁጣጣሽ ዕለት የመጀመሪያውን ምዕራፍ የከፈተ፣ በየቀኑም አንድ ብቻ ሳያቋርጥ ያነበበ ሰው፣ ጳጉሜን 1 ቀን የመጨረሻውን ገጽ ይዘጋል። ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ወፍራም መጽሐፍ የሚመርጥበት ጥቂት ቀንም ይተርፈዋል።