የላባ ኳስ፣ የሙጫ ኳስ፣ የላስቲክ ኳስ፦ የሽማግሌው ቶም ሞሪስ ሕይወት

በአገር ቤት በገና ሰሞን ጥንግ ሲመታ ያየ ሰው ጎልፍን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ አለ፣ ትንሽ ኳስ አለች፣ ሰፊ መስክ አለ። ልዩነቱ፣ በገና ጨዋታ ሁለት ወገን ተሰልፎ አንዲቱን ጥንግ ይሻማል። በጎልፍ ግን እያንዳንዱ የራሱን ኳስ ከሩቅ እየመታ፣ በትንሽ ምት ጉድጓድ ውስጥ ለመክተት ይጥራል። እዚህ እስራኤል ውስጥ የታወቀው የጎልፍ ሜዳ በ1961 የተከፈተው የቄሳሪያው ነው።

የጎልፍ ተጫዋቾች ሲገናኙ ከማይተዉት ወሬ አንዱ የኳስ ነገር ነው። የትኛዋ ሩቅ ትሄዳለች? የትኛዋ በነፋስ አትናወጥም? የትኛዋስ ለዋጋዋ ትበጃለች? ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ከ170 ዓመት በፊት አንድን ጌታና ያሳደገውን ሠራተኛ አጣልቶ አለያይቷል። ሠራተኛው ቶም ሞሪስ ይባላል፤ በጎልፍ ታሪክ ስሙ ከሁሉ በፊት ከሚነሱት ሰዎች አንዱ ነው።

የሸማኔው ልጅ

ቶም ሞሪስ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 16 ቀን 1821፣ በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ በሴንት አንድሩስ ከተማ ነው። አባቱ የእጅ ሸማኔ ነበር። ያኔ የፋብሪካ ጨርቅ የሸማኔውን ገበያ እየነጠቀው ስለነበር ልጁን በሽመና ማሳደር አስተማማኝ አልነበረም። ስለዚህ ቶም 14 ዓመት ገደማ ሲሆነው ኳስና ዱላ ለሚሠራው ለአለን ሮበርትሰን ለሙያ ተሰጠ። አራት ዓመት ተማረ፣ ከዚያም አምስት ዓመት ያህል በሠራተኛነት አገለገለ።

ሮበርትሰን በዘመኑ አቻ ያልተገኘለት ተጫዋች ነበር። የኳስ ሥራን የወረሰው ከአባቱና ከአያቱ ነው። የሚሠሩት ኳስ የላባ ኳስ ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቆዳ ይለፋና ተቆርጦ ይሰፋል፤ ትንሽ ቀዳዳ ይቀርለታል። ከዚያ አንድ ባርኔጣ ሙሉ የተቀቀለ የዝይ ላባ በብረት ዘንግ እየተገፋ፣ በደረት ጉልበት ጭምር እየተጠቀጠቀ ይገባል። ቀዳዳው ይዘጋል። ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ላባው ሲደርቅ ይነፋል፤ ኳሷም እንደ ድንጋይ ትጠነክራለች። በመጨረሻ በመዶሻ ትስተካከልና ነጭ ቀለም ትቀባለች።

አንድ ጎበዝ ሠራተኛ በቀን ሦስት ወይም አራት ኳስ ቢጨርስ ነው። የላባው ብናኝም ሳንባ ይጎዳ ነበር ይባላል። የሮበርትሰን ሱቅ በ1840 ዓ.ም. 1,021 ኳስ ሠራ፤ በ1844 ቁጥሩ 2,456 ደረሰ። ሁሉም በእጅ የተሰፉ ናቸው።

ሁለቱ ኳሶች በሜዳ ላይ

የላባ ኳስ በጥሩ ቀን ጥሩ ነበረች። በተለምዶ 150 ሜትር ገደማ ትሄዳለች፤ በ1836 ሳሙኤል ሜሲዩ የተባለ ሰው መሬቱ በረዶ በሠራበት ቀን፣ ነፋስ ከኋላው ሆኖ፣ 330 ሜትር ያህል አስኪዷታል። ክፉው ነገር ዝናብ ነው። ስፌቱ ውሃ ሲገባው ኳሷ ትከብዳለች፤ ስትመታም ትፈነዳና ላባዋ ይበተናል። ዋጋዋም ቀላል አልነበረም። ብዙ ጊዜ አንዲት ኳስ ከዱላው ትበልጥ ነበር። በዚህ የተነሳ ጎልፍን በደንብ የሚጫወተው ገንዘብ ያለው ሰው ነበር።

በ1848 ግድም አዲስ ኳስ መጣች። የተሠራችው ጉታ ፐርቻ ከሚባል፣ በማሌዥያ አካባቢ ከሚበቅል ዛፍ ከሚገኝ ሙጫ ነው። ሙጫው በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል፣ በእጅ ይድቦለቦላል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ስፌት የለ፣ ላባ የለ። ዋጋዋ በእጅጉ ዝቅ ያለ ነው። ውሃ አያበላሻትም። ብትጎዳም እንደገና ቀቅሎ ማድቦልቦል ይቻላል። ፍጹም ክብ ስለሆነችም ጉድጓዱ አጠገብ ቀጥ ብላ ትንከባለላለች።

እንከንም ነበረባት። ስትመታ እጅ ታነዝራለች። በብርድ ቀን ለሁለት ትሰነጠቃለች፤ እንዲያ ሲሆን ተጫዋቹ ከትልቁ ስባሪ ቦታ እንዲቀጥል ደንብ ወጣ። ከሁሉ የገረመው ግን አዲስ ስትሆን አለመብረሯ ነው፤ ትንሽ ትነሳና ትወድቃለች። ስታረጅ፣ ዱላ ሲቧጭራትና ሲሰነጥራት ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ምክንያቱ በኋላ ታወቀ። ለስላሳ ኳስ ስትበር አየሩ ቶሎ ይለቃትና ከኋላዋ የሚጎትታት ሽክርክሪት ይፈጠራል። ሸካራ ገጽ ግን አየሩን ይዞ ስለሚያቆይ ኳሷ ሩቅ ትሄዳለች። ሠራተኞቹ ሳይንሱን ሳይጠብቁ ዓይናቸው ያየውን አመኑ፤ አዲሷን ኳስ ገና ከመሸጧ በፊት በመዶሻ ይወቅሯት ጀመር።

ጸቡ

ሮበርትሰን አዲሷን ኳስ ጠላት። ሦስት ትውልድ የበላበትን እንጀራ ልትነጥቅ መጣች። በሜዳው የተገኙትን የሙጫ ኳሶች እየገዛ በእሳት ያቃጥል ነበር ይባላል። ቶምንም በእሷ እንዳይጫወት ቃል አስገባው።

አንድ ቀን ቶም ከአንድ ጨዋ ጋር ሲጫወት ኳስ አለቀበት። አብሮት ያለው ሰው ከያዘው የሙጫ ኳስ አንዷን አበደረው። ቶም መታት፤ ወደዳት። ሲመለሱ ሮበርትሰን በመንገድ አገኛቸው፤ ከአጠገቡ የነበረ ሰውም ቶም በአዲሷ ኳስ ደህና እየተጫወተ መሆኑን ነገረው። ሮበርትሰን እዚያው ምንም አልተናገረም። ሱቅ ሲደርሱ ግን ተቆጣ፤ ቶምም ቁጣውን አልቻለውም። ከልጅነቱ ያደገበትን ቤት ለቆ ወጣ፤ የራሱንም ሱቅ ከፈተ።

ለቂርያት ጋት ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ከተማዋ ለብዙ ዓመታት በጨርቃ ጨርቅና በልብስ ፋብሪካዎቿ ትታወቅ ነበር፤ ዛሬ ስሟ የሚነሳው በኢንቴል ፋብሪካ ነው። ከጎንደር የመጡ አባቶችና እናቶችም ብረት መቀጥቀጥ፣ ሽመናና ሸክላ የለመደ እጅ ይዘው፣ ያ ሙያ ገበያ በሌለው አገር ከዜሮ መጀመር ምን እንደሚመስል ያውቁታል። የሮበርትሰንን ንዴት ለመረዳት ጎልፍ መጫወት አያስፈልግም። የቶምም ነገር እንዲሁ ነው። ያሳደገውን ሰው አልናቀም፤ እጁ የመሰከረለትን ግን መካድ አልቻለም።

ቂሙ አልሰነበተም። ሮበርትሰን ራሱ ብዙ ሳይቆይ የሙጫ ኳስ መሥራት ጀመረ፤ ምክንያቱም በርካሹ ኳስ ተጫዋቹ በዛ፣ የሱቁም ገበያ ደራ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ሌሎችን ገጠሙ፤ አብረው ሲጫወቱ ተሸንፈው አያውቁም ይባላል። በ1858 ሮበርትሰን የሴንት አንድሩስን ሜዳ በ79 ምት ጨረሰ። ከዚያ በፊት ከ80 በታች የወረደ አልነበረም፤ የመታውም በዚያችው ባቃጠላት ዓይነት ኳስ ነው። በ1859 አረፈ።

ድልና ሐዘን

ቶም በ1851 ወደ ፕሬስትዊክ ሄዶ የሜዳ ጠባቂ ሆነ፤ ባለ 12 ጉድጓድ ሜዳም ሠራ። በ1860 የመጀመሪያው ታላቅ ውድድር እዚያ ሲካሄድ ስምንት ሰዎች ብቻ ተወዳደሩ፤ ቶም በሁለት ምት ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ በ1861፣ በ1862፣ በ1864 እና በ1867 አሸነፈ። የመጨረሻውን ሲያሸንፍ 46 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ውድድር በዕድሜ የሚበልጠው አሸናፊ እስከ ዛሬ የለም።

በ1868 ያሸነፈው የ17 ዓመት ልጁ ቶሚ ነው፤ አባት ሁለተኛ ሆነ። ቶሚ ተከታትሎ ሦስት ጊዜ፣ በ1872 ደግሞ አራተኛ ጊዜ አሸነፈ። ነገር ግን በሴፕቴምበር 1875 አባትና ልጅ ኖርዝ በርዊክ ሲጫወቱ ቴሌግራም መጣ፤ የቶሚ ሚስት ምጥ ጸንቶባታል። በጀልባ ባሕሩን ተሻገሩ፤ ቢሆንም ቤት ሳይደርሱ እናትም ሕፃንም አርፈዋል። ቶሚም ዓመቱ ሳይወጣ፣ በዲሴምበር 25፣ በ24 ዓመቱ ሞተ። ቶም ሚስቱንና ልጆቹን ሁሉ ቀበረ።

በሐዘን ግን አልተቀመጠም። ወደ ትውልድ ከተማው ከተመለሰበት ከ1860ዎቹ አጋማሽ እስከ 1903 ድረስ ሜዳውን ጠበቀ። ሣሩ እንዲያገግም አሸዋ መበተንን ልማድ አደረገ። በየማለዳው፣ ክረምትም ቢሆን፣ ባሕር ገብቶ ይዋኝ ነበር። የሰንበት ነገርም አይነካበትም። በእሱ እምነት ሰንበት እሑድ ነው፤ በዚያ ቀን ማንም እንዳይጫወት አጥብቆ ይከለክል ነበር። ተጫዋቾቹ ዕረፍት ባያሻቸው እንኳ ሜዳው ያሻዋል ባይ ነበር። የሴንት አንድሩስ አሮጌው ሜዳ ዛሬም በተለምዶ እሑድ ዝግ ነው።

ሦስተኛዋ ኳስ

ቶም ከ75 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ሌላ ኳስ መጣች። በ1898 አሜሪካዊው ኮበርን ሃስኬል ቀጭን የላስቲክ ክር ወጥሮ በመጠምጠም ኳስ ሠራ፤ በላይዋ የሙጫ ልባስ አለበሳት። ከሙጫዋ ኳስ ይልቅ ትነጥራለች፣ ሩቅም ትሄዳለች፣ እጅም አታነዝርም። ብዙ ባለሙያ ናቃት። በ1902 የሴንት አንድሩሱ ልጅ ሳንዲ ሄርድ በእሷ ተጫውቶ ታላቁን ውድድር ሲያሸንፍ ግን ክርክሩ አበቃ። የሙጫ ኳስም እንደ ላባዋ ታሪክ ሆነች። በ1905 ዊሊያም ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ ገጿ ላይ ትንንሽ ጎድጓዳ ነጥቦች ያሉባትን ኳስ በስሙ አስመዘገበ፤ ቀድሞ በመዶሻ ሲወቀር የነበረው ነገር በሥርዓት መጣ ማለት ነው። የዛሬዋ ኳስም ያንኑ ነጥብ ይዛለች፤ ክብደቷ ከ45.93 ግራም እንዳይበልጥ፣ ውፍረቷም ከ42.67 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ በደንብ ተወስኗል።

ቶም ሞሪስ ሜይ 24 ቀን 1908 በሴንት አንድሩስ ከደረጃ ወድቆ አረፈ። 87 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንት ቀርቶት ነበር። በከተማው ጥንታዊ ካቴድራል ግቢ፣ ቶሚ ባለበት መካነ መቃብር ተቀበረ። የአሮጌው ሜዳ የመጨረሻው፣ አሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ በስሙ ይጠራል። እሱና ሮበርትሰን በደረታቸው እየገፉ የሞሏቸው የላባ ኳሶች ዓይነት ዛሬ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ገበያ ሲወጡም ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ ይሻሟቸዋል።