ዣን ኒኮ፦ የመዝገበ ቃላቱ ሰው

በሲጋራ ፓኮ ላይ የምናነበው ኒኮቲን የሚለው ቃል የተወሰደው ከአንድ ሰው ስም ነው። ሰውየው ግን የደከመው ለትንባሆ ሳይሆን ለቃላት ነበር።

ዣን ኒኮ እ.ኤ.አ. በ1530 በደቡብ ፈረንሳይ በኒም ከተማ ከአንድ የውል ጸሐፊ ቤተሰብ ተወለደ። በትምህርቱ ገፍቶ ቤተ መንግሥት ገባ፤ በ1559 አምባሳደር ሆኖ ወደ ሊዝበን ተላከ። ተልእኮው የስድስት ዓመቷን ልዕልት ማርግሪትን ለአምስት ዓመቱ የፖርቱጋል ንጉሥ ለሴባስቲያን ማጨት ነበር። ጋብቻው አልሰመረም። በዚያው ሳለ ግን ከአሜሪካ የመጣውንና ፈዋሽነቱ የሚወራለትን ትንባሆ አገኘ፤ ወደ ፓሪስም ላከው። የንጉሡ እናት ካትሪን ደ ሜዲቺ የደቀቀውን ቅጠል ለራስ ምታት በአፍንጫዋ እንደ ሳበችው ይነገራል። መኳንንቱም እርሷን ለመከተል አልዘገዩም።

እኛ ሱረት የምንለው ይህ ልማድ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጨዋነት ምልክት ሆነ። የሣጥኑን ክዳን መታ መታ አድርጎ መክፈት፣ ለአጠገብ ሰው ማቅረብ፣ በሁለት ጣት ቆንጥሮ መሳብ ሥርዓት ነበረው። መያዣውም ከይዘቱ በላይ ተከበረ። በፓሪስ የማርቲን ወንድማማቾች የቻይናንና የጃፓንን ጥበብ የሚመስል ቫርኒሽ ሠርተው በ1730 የንጉሥ ፈቃድ አገኙ። ቫርኒሹን ደጋግመው እየቀቡና እያለሰለሱ ከሠረገላ እስከ ትንሿ የሱረት ሣጥን ድረስ አንጸባራቂ አደረጉ። ከተጣበቀ ወረቀት የተሠራች ሣጥን እንኳ ሥዕል ተሥሎባት በቫርኒሽ ስትለበጥ ከከበረ ዕቃ ጋር ትቆጠር ነበር።

ኒኮ ይህን ሁሉ አላየም። በ1561 ከሊዝበን ተመልሶ የኋላ ዘመኑን በፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ሥራ አሳለፈ። ከቃል ጋር የሚውል ሰው እንደሚያውቀው፣ ይህ ሥራ ዕድሜን ይበላል፤ ጭብጨባም የለውም። ሲሞት መጽሐፉ አልታተመም ነበር። ሁለት የጀርመን ሊቃውንት በ1828 ከትንባሆ መርዙን ነጥለው ሲያወጡ ኒኮቲን አሉት፤ መዝገበ ቃላቱን ግን ከቋንቋ ተመራማሪዎች በቀር የሚያነሣው ጥቂት ነው።

መጽሐፉ በ1606 በፓሪስ ታተመ። በውስጡ ኒኮሲያን የሚል ቃል ይገኛል፦ አምባሳደሩ ኒኮ ከፖርቱጋል የላከው፣ በስሙም የተጠራ ዕፅ። ፍቺው ስለ መርዝ አንዳች አይናገርም፤ ቁስልን ሁሉ የሚፈውስ ድንቅ ቅጠል ነው ይላል።