በቅሎዋን ፈረስ ያደረገው ሠዓሊ

የናፖሊዮን ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በኋላ እግሮቹ በቆመ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ካባው በነፋስ እየተውለበለበ፣ እጁን ወደ ተራራው ጫፍ ሲዘረጋ ነው። ይህንን ምስል የፈጠረው ፈረንሣዊው ሠዓሊ ዣክ ሉዊ ዳቪድ ነው። ብሩሹ ለንጉሥም፣ ለአብዮትም፣ ለንጉሠ ነገሥትም ያደረ ሰው ስለሆነ ታሪኩን ለአንባቢያን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳቪድ በ1748 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። ወደ ሮማ የሚያስልከውን የሥዕል ውድድር ደጋግሞ ወድቆ በ1774 አሸነፈ። ከአሥር ዓመት በኋላ ለንጉሥ ሉዊ 16ኛ መንግሥት በሠራው ሥዕል ስሙ ገነነ። ያው ዳቪድ ግን አብዮቱ ፈንድቶ የሸንጎ አባል ሲሆን፣ በጃንዋሪ 1793 ንጉሡ እንዲገደል ድምፁን ሰጠ። የንጉሡ ደጋፊ የነበረችው ሚስቱም ፈታችው።

በዚያው ዓመት በጁላይ፣ ጋዜጠኛው አብዮተኛ ዣን ፖል ማራ በገላ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ እንዳለ በቢላዋ ተወግቶ ተገደለ። ማራ ክፉ የቆዳ በሽታ ነበረበት፤ ገንዳ ውስጥ ሆኖ የሚሠራውም ለዚሁ ነው። ዳቪድ በሣለው ላይ ግን ያ ቁስል የለም። ቆዳው የጠራ፣ የተኛ የሚመስል፣ ሰማዕት የሆነ ማራ ነው የሚታየው። ይኸው ሰው በጋዜጣው የስንቱን አንገት መቆረጥ እንደጠየቀ ከሥዕሉ አይነበብም። ሥዕሉ በሸንጎው አዳራሽ ተሰቀለ፤ ግልባጮችም ተሠሩለት። ዳቪድ ራሱ በዚያን ጊዜ የጸጥታ ኮሚቴ አባል ሆኖ የሰዎች መታሰሪያ ትእዛዝ ላይ ይፈርም ነበር። በጁን 1794 ደግሞ ታላቅ በዓል አዘጋጀ፤ ሜዳ ላይ ሰው ሠራሽ ተራራ ተሠርቶ ሮቤስፒየር ከዚያ ሲወርድ ሕዝብ እንዲያይ ተደረገ። ሮቤስፒየር ሊወድቅ ሲል ዳቪድ መርዝም ቢሆን አብሮት እንደሚጠጣ ቃል ገባለት። በማግሥቱ ግን ከሸንጎው ቀረ። ሮቤስፒየር አንገቱን ተቀላ፤ ዳቪድ ታስሮ ተፈታ።

ታዲያ ከዚህ በኋላ ለገዢ መሣል ይበቃዋል ቢባል፣ እሱ እቴ! ናፖሊዮን ብቅ ሲል ብሩሹን አነሣ። ናፖሊዮን በሜይ 1800 የአልፕስን ተራራ የተሻገረው በበቅሎ ነው። በእኛ ዘንድ በቅሎ የመኳንንት መቀመጫ ስለነበረች ነገሩ አያሳፍርም፤ ለአውሮፓ የጦር አዛዥ ግን ወጉ ፈረስ ነው። እናም በቅሎዋ ፈረስ ሆነች። ናፖሊዮን ሠዓሊው ፊት መቀመጥን እንኳ እምቢ አለ፤ የታላቅ ሰው ሥዕል መልኩን ይምሰል አይምሰል ማን ይጠይቃል ባይ ነበር። ዳቪድ ምን ያድርግ፣ የገዛ ልጁን መሰላል ላይ አስቀምጦ ሣለ። ከታች ዓለቱ ላይም የቦናፓርትን ስም ከሐኒባልና ከሻርለማኝ ጋር ጻፈው። ሥዕሉ እስከ 1805 ድረስ አምስት ጊዜ ተሠራ። ፖል ደላሮሽ የተባለ ሠዓሊ በ1850 ገደማ ናፖሊዮንን ብርድ እንዳቆራመደው በቅሎዋ ላይ ሥሎታል፤ መጻሕፍት የሚወዱት ግን ፈረሱን ነው። ዕጩ መምህራን ለታሪክ ትምህርት መርጃ መሣሪያ ብለን ፈረሱን ስንሰቅል በቅሎዋንም ጎን ለጎን ብንሰቅላት፣ ተማሪው የሚጠይቀው አያጣም።

የ1804ቱን የዘውድ በዓል የሚያሳየው ሸራ ደግሞ ወደ 6 ሜትር በ10 ሜትር ይሆናል። የናፖሊዮን እናት በልጃቸው ተቀይመው ከበዓሉ ቀርተው ነበር፤ በሥዕሉ ግን መካከል ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ፖፕ ፒዮስ 7ኛም መጀመሪያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ተሥለው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ስላልወደደው እጃቸው ለቡራኬ እንዲነሣ ተደረገ።

ናፖሊዮን ወድቆ የተገደለው ንጉሥ ወንድም ዙፋን ላይ ሲወጣ፣ ያ የ1793 ድምፅ ተቆጠረበትና ዳቪድ በ1816 ተሰደደ። በዲሴምበር 1825 ብራስልስ ውስጥ ሞተ። የፈረንሣይ መንግሥት አስከሬኑ አገሩ እንዳይገባ ስለከለከለ እዚያው ተቀበረ፤ ልቡ ብቻ ፓሪስ ገባች። የማራ ሥዕልም ዛሬ የሚገኘው ብራስልስ ሙዚየም ውስጥ ነው።