ንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የጎንቾ እስረኞች

የሸዋው ገዥ ራስ ወሰን ሰገድ በ1805 ዓ.ም. ሲገደሉ ልጃቸው ሣህለ ሥላሴ ዕድሜያቸው 18 ዓመት ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜ በሰላ ድንጋይ ገዳም በትምህርት ላይ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው በኩሬ ደግሞ መርሐ ቤቴን ያስተዳድሩ ነበር። መርዶው እንደ ተሰማ ሁለቱም ወደ ቁንዲ ገሠገሡ። የመንዝ ዘመዶቻቸው የደገፏቸው ታናሹ ቀድመው ደረሱና ራስና መርዕድ አዝማች ተባሉ። ዘግይተው የደረሱት በኩሬ ከሌሎች ወንድሞቻቸውና ከደጋፊዎቻቸው ጋር በጎንቾ ታሰሩ።

ጎንቾ በይፋት፣ በወላስማው ጥበቃ ሥር የነበረ እስር ቤት ነው። የንጉሥ ዘሮችን በአምባ ላይ አስሮ ማኖር ከግሼንና ከወኅኒ የመጣ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ዓላማውም የሥልጣን ተቀናቃኝን ማራቅ ነበር። እነዚህ እስረኞች በወንጀል ተከሰው የተፈረደባቸው አልነበሩም። ስለዚህም የሚቆጥሩት የእስራት ዘመን፣ የሚጠብቁትም የመፈቻ ቀን አልነበራቸውም።

ሣህለ ሥላሴ ኋላም ንጉሠ ሸዋ ተብለው፣ ከአንኮበርና ከአንጎለላ ሆነው ግዛታቸውን አሰፉ፤ ንግድንና የእጅ ሥራን አበረታቱ። የሕዝቡን አቤቱታ ራሳቸው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ይሁን እንጂ ለሌላው ዳኝነት በሚሰጥበት አደባባይ የገዛ ወንድሞቻቸው ጉዳይ ሳይቀርብ 30 ዓመት ገደማ አለፈ።

በ1833 ዓ.ም. ከእንግሊዝ የሕንድ መንግሥት የተላኩት ካፒቴን ሃሪስ ሸዋ ገቡ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ሃሪስ በጉዞ መጽሐፋቸው እንደ ተረኩት፣ ንጉሡ በጠና ታመው ስለ ነበር ስለ ሞትና ስለ ነፍሳቸው ማሰብ በጀመሩበት ወቅት ስለ እስረኞቹ አማለዷቸው። ንጉሡም እስረኞቹን ከጎንቾ አስመጥተው በነፃ ለቀቋቸው። ሣህለ ሥላሴ በጥቅምት 1840 ዓ.ም. አረፉ።

ምሕረቱ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ነገር ግን የመጣው በንጉሡ ሕመምና በእንግዳ ምልጃ እንጂ በሕግ አልነበረም። ንጉሡ ባይታመሙ፣ እንግዳውም ባይመጡ፣ የጎንቾ በር ሳይከፈት ይቀር ነበር። ዛሬ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ የዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት የፈጸመና ጠባዩን ያረመ እስረኛ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ሲመጣ የማረሚያ ቤቶችን መጨናነቅ ለመቀነስ ከ4,000 በላይ እስረኞች በይቅርታ ተለቀዋል። ይቅርታ ለክፉ ቀን ይደርሳል። የአመክሮውን ቀን ቆጥሮ፣ መዝገቡን በጊዜው ማቅረብ ግን የማንንም መታመም ሳይጠብቅ በየዕለቱ የሚሠራ የእኛ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው።